ከመቶ መቶ ያመጣው ሲስተም

ኑ እስቲ፣ ቀረብ በሉ። ጠጋ ጠጋ ካላችሁ ወንበሩ ለሁላችሁም ይበቃል። አንተ በሩ ጋ የቆምከው፣ ግባና ዝጋው፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ያስቸኩለኛል። የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ነርስና ስለ አንድ ኮምፒውተር ነው። መሳቅ ይቻላል፣ እኔም ሳወራው ይስቀኛል። ብቻ መሀል ላይ ተነሥታችሁ እንዳትሄዱብኝ።

ነርሷን ሰው ሁሉ «ባለክሯ» ነበር የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል የሠራች፣ እጇ ቀላል የሆነ፣ ሕፃናት እንኳ «እሷ ትውጋኝ» ብለው የሚያለቅሱላት ሴት ናት። ጤና ጣቢያው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ እስከ ወገብ ሰማያዊ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ተቀብቷል፤ አግዳሚ ወንበሩ ከታካሚ ልብስ ብዛት መስተዋት ሆኗል። ኮሪደሩ ሲያልቅ ካርድ ክፍሉ አለ፣ እስከ ጣሪያ ድረስ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ካርድ።

ክሩ የመጣው እንዲህ ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት አንዲት ወጣት እናት ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፍስና ሥጋዋ ሲጓተቱ ቆይተው በመከራ ተረፈች። በኋላ ካርዷን ሲገልጡት አራተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ይላል። በር ላይ ሰማንያ ሰው ተሰልፎ ማን አራተኛ ገጽ ድረስ ያነባል? ነርሷ ያን ቀን አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ከቀይ ሹራቧ እጅጌ ላይ ክር መዘዘችና የካርዱን ጥግ በስታ አሰረችበት። ከዚያ ወዲህ አንድ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሁሉ ካርዱ ላይ ቀይ ክር አለ። ክሩን ያየ እጅ ባለበት ይቆማል፣ ካርዱን ይገልጣል፣ ያነባል። ይኸው ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ደብዳቤም አልወጣለትም። ሹራቡ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም እጅጌውን ጨርሶ ሰደርያ ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ አንድ ቀን ስድስት ኮምፒውተሮች መጡ። በውስጣቸው ያለውን ነገር «ሲስተሙ» አሉት። የታካሚው ነገር ሁሉ በሲስተሙ ይመዘገባል፣ ወረቀት ቀስ በቀስ ይቀራል ተባለ። ጥሩ ነገር ነው፣ ማን ይጠላል? ነገር ግን ሲስተሙ የራሱ ጠባይ ነበረው። ለአንድ ደቂቃ ተኩል ካልነኩት አኩርፎ ይዘጋል፣ የይለፍ ቃልም እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ አንዷ ነርስ ስትወጋ ሌላዋ ማውሱን ስታንቀሳቅስለት ትቆማለች፣ እንደ ሕፃን አልጋ። ደግሞ ማንኛውንም ታካሚ ለመመዝገብ የእርግዝናውን ነገር ይጠይቃል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፦ «አዎ» እና «አልታወቀም»። «አይደለም» የሚለውን የሠሩት ሰዎች ረስተውታል። እናም የሰፈሩ ወንድ ሁሉ «አልታወቀም» ሆኖ ተመዘገበ። አናጢው አሉ፣ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ጢማቸው ነጭ፤ በአራተኛው ወር በስልካቸው «ውድ እናት፣ የክትትል ቀንዎ ነገ ነው» የሚል መልእክት ደረሳቸው። በማግሥቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረፋ ያዙ።

«ምን ሆነው ነው አባቴ?» አለቻቸው ባለክሯ።

«እኔ ምን አውቄ። ኑ ተባልኩ፣ መጣሁ።»

ይሄ ሁሉ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ነበር። ሲስተሙ ለማይስማማ መድኃኒት ቦታ አለው፤ ግን አስራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። ሐኪሙ መርፌ ሲያዝም ሆነ ነርሷ ስትወጋ ያ ገጽ ብቅ አይልም። ፈልገህ፣ አስር ጊዜ ነክተህ፣ ሳያኮርፍ ከደረስክ ታየዋለህ። ባለክሯ ይህን አየች። ከሹራቧ ክር መዘዘች፣ የታካሚው ካርድ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አንጠለጠለችበት፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በወሩ ሃምሳ ሦስት ክር ሆነ። ኮምፒውተሩ ቀይ ጢም አበቀለ። ስክሪኑን ለማየት እንደ መጋረጃ ገለጥ ማድረግ ነበረባቸው።

ሥራውን ታዲያ እንዴት ይሠሩ ነበር ብትሉኝ፣ ጠዋት እንደ ድሯቸው በካርድ ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተሰብስበው የጠዋቱን ሁሉ ከካርዱ ወደ ሲስተሙ ይገለብጣሉ። ይህንንም «ማብላት» ይሉታል።

«አበላችሁት?» ይላል ኃላፊው በበሩ ብቅ ብሎ።

«ግማሽ ቀርቶታል። ዛሬ አልበላም ብሎ ሁለቴ ተፋው።»

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ከዋናው መሥሪያ ቤት ገምጋሚ ሊመጣ ነው ተባለ። ሲስተሙ ለሠራተኛው ይመች እንደሆነ የሚመዝን ሰው ነው። ኃላፊው ሁሉንም ሰብስቦ፣ «እንግዳ ነው። ሰዎቹ ደክመውበታል። እባካችሁ አታሳፍሩኝ» አለ። ጢሙንም አበጥረው ከስክሪኑ ጀርባ አስገቡት።

ገምጋሚው ቀጭን፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። አንገቱ ላይ እንደ ሩጫ አሰልጣኝ ሰዓት አንጠልጥሏል፣ እጁ ላይ ታብሌት ይዟል። በትሕትና ቆሞ፣ «የምገመግመው እናንተን አይደለም» አላቸው። «ሲስተሙን ነው። እናንተ ብትሳሳቱ እንኳ ጥፋቱ የእሱ ነው።»

ደግ ንግግር ነበር። ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ደግ ንግግር ነው። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእነሱ ስሕተት ሌላ ሊወቀስ ነው ማለት ነዋ። ምስኪን ሲስተም። እንዲህ ከሆነማ ማንም አይሳሳትም ብለው በልባቸው ተማማሉ።

መጀመሪያ የተፈተነው የካርድ ክፍሉ ሰው ነበር፤ ልጆቹ «አባባ ካርድ» ይሉታል። ገምጋሚው አዲስ ታካሚ እንዲመዘግብ ነገረውና፣ «እየሠሩ ሳለ በሐሳብዎ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብለው ይናገሩ» አለው። የግምገማው ዘዴ ነው። አባባ ካርድ ግራ ገባው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን እያሰብክ ነው ያለው ሰው የለም።

«አሁን እያሰብኩ ያለሁት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቁርስ በልተህ ይሆን ወይስ እንዲሁ ወጣህ እያልኩ ነው።»

«ስለ ሲስተሙ ማለቴ ነው አባባ።»

«እህ። ስለ ሲስተሙ። ደኅና ልጅ ነው።»

ነካ አደረገው። ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«አሁን ቆሟል። እያሰበ ነው። ማሰቡ ጥሩ ነው፣ የዛሬ ልጆች ሳያስቡ አይደል የሚያጠፉት። ይኸው ተዘጋ። ደክሞት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ በርቶ። ጎሽ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ጠንቃቃ ነው።»

ገምጋሚው ሰዓቱን አየ። «አስራ ዘጠኝ ደቂቃ።»

«እኔ ነኝ ከአንተ ጋር ስጫወት ያዘገየሁት። እሱ ምን አድርጎ።»

ቀጥሎ ባለክሯ ተቀመጠች። የታዘዘ መርፌ መመዝገብ ነበር የሷ ፈተና። ስክሪኑ ላይ የታካሚው ስም አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ የእርግዝናው ጥያቄ አለ። ያ ማስጠንቀቂያ የለም። በልቧ «ይሄ ነገር ሰው ይገድላል» አለች፣ ልክ እንዲህ፣ ቃል በቃል። አፏ ድረስ መጣ። ቀና ስትል የልጁን ፊት አየችው፦ ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከሩቅ መንገድ መጥቶ፣ መልካም ነገር የሚጠብቅ ፊት። የሰው ልፋት እንዴት ፊት ለፊት ይጣላል?

«ምን እያሰቡ ነው ሲስተር?»

«ቀለሙ ያምራል» አለች።

ገምጋሚው «ቀለሙ ያምራል» ብሎ ጻፈ።

በመጨረሻ አስር ጥያቄ ያለበት ወረቀት ታደለ። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣል። ሁሉም ለሁሉም አምስት ሰጡ። ገምጋሚው ወረቀቶቹን ሲያይ ግንባሩ ተጨማደደ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንደኛው ላይ ሲስተሙ በጣም ቀላል ነው በሚለው አምስት ሰጥተዋል።»

«አዎ ልጄ።»

«ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሲስተሙ ያለ አግባብ የተወሳሰበ ነው ይላል። እዚህም አምስት።»

«ይገባዋል።»

«ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም እኮ።»

«አንተ የቱ ደስ ይልሃል?»

ልጁ እሱ ደስ እንዲለው እንዳልሆነ አስረዳ፣ ደግሞም አስረዳ። መጨረሻ ላይ ሲስተሙን የሚያስመሰግነው በጎዶሎ ቁጥሮቹ ላይ አምስት፣ በሙሉዎቹ ላይ አንድ መሆኑን ሳያስበው አወጣው። ሁሉም እስኪርቢቶ አነሡ። በገምጋሚው ቀመር ሲሰላ መቶ ከመቶ ሆነ። ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ውጤት አይቶ አያውቅም። በሳምንቱ የምስክር ወረቀት መጣ፣ ኃላፊው በመስታወት አስገጥሞ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለው። ከምስክር ወረቀቱ ጋር ግን አንድ ደብዳቤ ነበር፦ ሲስተሙ ይህን ያህል ስለተመቸ ካርድ አያስፈልግም። ዓርብ ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ካርዶቹን በሙሉ ይወስዳል፣ ተፈጭተው ካርቶን ይሆናሉ። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈ ማንኛውም ነገርም ይነሣል። ከሐሙስ ጀምሮ ሁሉ ነገር በሲስተሙ ብቻ ይለመድ ይላል።

ረቡዕ እራት ላይ ባለክሯ ሳትጎርስ ምግቡን ታያለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ምግብ ሲቀዘቅዝ አይወድም።

«ምነው፣ ምግቡ ላይ አፈጠጥሽበት?»

ነገረችው።

«አንቺም አምስት ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ።»

«ፍሬን የሌለው አውቶቡስ ቀለሙ ያምራል እንደማለት ነው እኮ ይሄ።»

«እንግዳ ነዋ። ምን ልበለው?»

«ከተጋባን ሠላሳ አራት ዓመት፣ ለእኔ ከሁለት በላይ ሰጥተሽኝ አታውቂም። በምን አፍሽ ነው ለብረት አምስት የሰጠሽው?»

ሳቀች፣ ሳህኖቹንም ማንሣት ጀመረች። አራት ወር ነው የቀራት ለጡረታ። እሷ ታካሚዎቹን በፊታቸው ታውቃቸዋለች። እሷን የምትተካው ልጅ ግን አታውቃቸውም። ያለ ክር፣ ያለ ካርድ፣ ያለ ባለክሯ፣ ያ አስራ አንደኛ ገጽ ብቻ ይቀራል።

ሐሙስ ጠዋት አናጢው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ሚስማር ወግቷቸው መግል ይዟል። ወጣቷ ሐኪም ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ትጉህ ናት፣ እንደታዘዘችው በሲስተሙ ብቻ ሠራች። ካርድ አልወጣም። የመርፌ ክፍሉ ማሽን ትንሽ ወረቀት ተፋ፦ ፔኒሲሊን። ባለክሯ ወረቀቱን ብቻ ነበር ያየችው፣ ወረፋው ረጅም ነው። መድኃኒቱን ቀዳች፣ አየሩን አስወጣች፣ ጥጡን ይዛ ዞረች።

አናጢው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲህ እኔና ሕፃኑ በእጅሽ ነን» አሉ።

እጇ ባለበት ቀረ። የአናጢው ካርድ በሠላሳ አንድ ዓመት ካሰረቻቸው ሁሉ ሰባተኛው ነበር። ክሩን ያሰረችበት ቀን ራሱ ትዝ ይላታል፣ ዝናብ ነበር፣ አንገታቸው እንደ ግንድ አብጦ ነበር። መርፌውን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው ልጄ፣ ሚስማር የወጋው እኔን ነው፣ አንቺ ምን ሆንሽ?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ አባቴ። እዚያው ይቀመጡ። ማንም መርፌ ልውጋዎት ቢል እንቢ ይበሉ፣ እኔም ብሆን።»

ሐኪሟን ጠራቻት። ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ገጽ መግለጥ ጀመረች። ስምንተኛው ላይ ሲስተሙ አኮረፈ። እንደገና ገባች። አስራ አንደኛው ገጽ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚለውን ስታይ ከንፈሯ ነጣ።

«እዚህ ነበረ ሲስተር» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሁልጊዜም እዚህ ነበረ።»

«አውቃለሁ እመቤቴ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው።» ለአናጢው ሌላ መድኃኒት ታዘዘላቸው፣ እጃቸው ታጠበ፣ ታሸገ። ባለክሯ ጓንቷን አወለቀችና፣ ካርዱ ሲነሣ ሊያይ ተመልሶ የመጣው ገምጋሚ ወዳለበት ቢሮ ሄደች።

ልጁ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ሲያያት ተነሥቶ ወንበር አቀረበላት።

«ደኅና ነህ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና? እንቅልፍስ ወሰደህ?»

«ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?»

«ደኅና። ያ ሲስተም... መልኩ ጥሩ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ እሱንም ጽፌዋለሁ።»

«አይ፣ እሱን እንኳ አትጻፈው።» ሰደርያዋን ሳብ ሳብ አደረገች። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ለምዳለች፣ ግን ነገ በሩ ላይ የጭነት መኪና እንደሚቆም አሰበች። «ዛሬ ጠዋት ሰው ልገድል ነበር» አለች። «ሲስተምህ መርፌውን አቀበለኝ እንጂ ቁሚ አላለኝም። ለአንተ ግን ቀለሙ ያምራል አልኩህ። ዋሸሁህ ልጄ። ሁላችንም ዋሸንህ። አፍረን ነው።»

ልጁ ታብሌቱን አነሣ። «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። ውጤቱን ዝቅ ማድረግ ነው።» ነካ አደረገ። ታብሌቱ ጥያቄ አመጣ፦ ውጤቱ የሚቀነስበት ምክንያት? ከሥሩ ሦስት መልስ ተዘርዝሯል፦ የሠራተኛው ዕድሜ፣ የሠራተኛው ሥልጠና ማነስ፣ የሠራተኛው ጠባይ።

«የሲስተሙ ጥፋት የሚለው የት አለ?» አለች ባለክሯ በትከሻው በኩል አሻግራ እያየች።

«እ... ይኖራል። እዚህ ጋ ይመስለኛል።»

«እንዲህ አይደለም። በል ሰዓቱን ስጠኝ።» ከአንገቱ አውልቃ ያዘችው፣ ተጫነችው። «በሐሳብህ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብለህ ተናገር። የምገመግመው አንተን አይደለም።»

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። «እሺ። አሁን ‹ሌላ› የሚለውን እየፈለግሁ ነው። ግልጽ ነው፣ ጥሩ ነው። ‹ሌላ› አገኘሁ። አርባ ጥያቄ አለው። ችግር የለም፣ ዝርዝር መሆኑ ጥሩ ነው።»

«እውነቱን ተናገር።»

«ሃያ ሰባተኛው ላይ የኃላፊውን መለያ ቁጥር ይጠይቃል። እሱን ሳላውቅ ወደፊት አልሄድም። ወደኋላ ልመለስ። ወደኋላ ስመለስ የጻፍኩትን አጠፋው።» ላብ ግንባሩ ላይ ታየ። «እንደገና። ሃያ ሰባት። ቁጥሩን አስገባሁ። አሁን ደግሞ እያሰበ ነው። እያሰበ ነው። ምኑን ነው የሚያስበው ይሄ ደደብ? ተዘጋ። ተዘጋ እኮ ሲስተር፣ የሠራሁትን ይዞ።»

«ሃምሳ ሁለት ደቂቃ» አለች ሰዓቱን እያየች።

ልጁ ታብሌቱን አስቀመጠና መስኮቱን ተመለከተ።

«ምን እያሰብክ ነው? ተናገር እንጂ።»

«ይሄን ቅጽ የሠራሁት እኔ ነኝ እያልኩ ነው።»

«አንተው ራስህ?»

«እኔው። ስድስት ወር ለፋሁበት።»

«ማን ፈተነልህ?»

«የሥራ ባልደረቦቼ።»

«ስንት ሰጡህ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «መቶ» አለ።

ባለክሯ አልሳቀችም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ከኃላፊው መሳቢያ ነጭ ወረቀት አወጣች። «በል ጻፍ፣ የእጅ ጽሕፈትህ ምን ይመስላል?» አለችው። ምሳ ሰዓታቸው አልፎ እሷ እየነገረችው፣ እሱ እየጻፈ አንድ ገጽ ሞላ። ከታች ፈረመች። አባባ ካርድ ፈረመ። ሐኪሟ ፈረመች። አናጢው በታሸገው እጃቸው ጣታቸውን ተጭነው አተሙ።

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጣ። ኃላፊው ወረቀቱን አነበበና ኮሪደሩ ላይ ወደተሰቀለው መስታወት ቀና አለ።

«መቶ አግኝተን እንዴት አድርገን ነው ወደታች የምንመለሰው?»

«በደረጃ ነዋ» አለ አባባ ካርድ ከካርድ ክፍሉ ደጃፍ ሳይነሣ።

«ጌታዬ» አለች ባለክሯ፣ «ትናንት ያ ሰው እጄ ላይ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚሰቀለው የማን ፎቶ ነበር? እኔ በዚህ ጉዳይ እሺ አልልም። ካርዱ ከተጫነ እኔንም አብራችሁ ጫኑኝ።» በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም። ኃላፊው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ገምጋሚው ስልኩን ተቀብሎ የእጅ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው፣ ሁለት ጊዜ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ምክንያቱን ከሦስቱ አንዱን ምረጥ አለው። ልጁ ሦስቱንም አልመርጥም አለ። ወዲያ በኩል ተጨነቁ፣ ተመካከሩ፣ በመጨረሻ ካርዱ ይቆይ አሉ።

የጭነት መኪናው ሹፌር ግን አልሄድም አለ። የጭነቱ ቅጽ ባዶ ሚዛን አይቀበልም፣ ዜሮ ኪሎ ብሎ የሚመለስ መኪና የለም። እናም እግራቸው የተሰበረ አራት ወንበሮችና አንድ የቆየ የሐኪም ጠረጴዛ ጫኑለት፣ ፈረመ፣ ሄደ።

ፈተናው እንደገና ተደረገ። አሁን ቀላል አልነበረም፤ ሰው እውነት ለመናገር አፉ አልፈታ አለ። ባለክሯ ቀድማ ተቀመጠች፣ አንድ ሰጠች። ከሷ በኋላ እውነቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ውጤቱ ሃያ ሦስት ሆነ። አባባ ካርድ ሁሉም ከወጡ በኋላ ተመልሶ ስክሪኑን በጨርቅ ጠረገለትና «አይዞህ፣ ላንተው ብለን ነው» ሲለው ሰምተውታል።

ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። የማይስማማው መድኃኒት ከአስራ አንደኛው ገጽ ወጥቶ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፣ ዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖ ተቀመጠ፤ መድኃኒቱን ሊያዙት ሲሉም ሲስተሙ አልታዘዝም ብሎ ይቆማል። ገምጋሚው ራሱ ይዞት መጣ፤ ባለክሯ ቀኑን ሙሉ ሠራችበት።

«ስንት ይሰጡታል?» አላት።

«አራት።»

«አምስት ያልሆነው ለምንድን ነው?» አላት፣ ተቀይሞ ሳይሆን እስኪርቢቶውን ይዞ።

«አሁንም ቶሎ ያኮርፋል። ደግሞ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ እኔ በመነጽር ነው ያየሁት። መነጽር የሌላትስ?»

ጻፈው።

ባለክሯ ጊዜዋ ደርሶ ጡረታ ወጣች። በሷ ቦታ የገባችው ልጅ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ከታካሚዎቹ አንዱንም አታውቅም። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ትኩሳት የያዘው ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ወረፋው እስከ ደጅ ነበር። ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ ቀዩን አየች፣ እጇን መለሰች። ሴትዮዋን «እመቤቴ፣ ይሄን አንሰጠውም፣ ሌላ እናመጣለታለን» አለቻት፣ ሌላ አመጡለት። ሴትየዋ ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ምን እንደቀረላት አታውቅም፣ እስከ ዛሬም አታውቅም። ጥሩ ሥራ ሲሠራ እንዲህ ነው፣ ሰው ሳያውቀው ቤቱ ይገባል።

በሉ እንግዲህ፣ ልሂድ ባይ ይነሣ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከእናንተ አንዳችሁ፣ አንድ ቀን፣ ፊቱ ደግ የሆነ ሰው እስኪርቢቶ ይዞ «እንዴት ነው፣ ይመቻል?» ሲላችሁ፣ አንዴ ቆም በሉና ያችን መርፌ ሳህኑ ላይ ያስቀመጠች እጅ አስታውሱልኝ።